ጋሽ ኤጀታ ላይ የወረደው

ጋሽ ኤጀታ ስኳር በሽታ እንዳለበት የታወቀው ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ስኳር እንደሚወድ ግን ከዚያ በፊትም መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ በኖረበት መዝገብ ቤት የሹመት ወይም የስንብት ዝግጅት ባለበት ቀን ኤጀታን የፈለገ ሰው ወንበሩ ላይ አይፈልገውም፤ ቶርታው ወዳለበት ክፍል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሐኪሙ መርፌውን፣ እግርን በየቀኑ መመርመሩንና በሰዓቱ መብላቱን ሲዘረዝርለት ኤጀታ እሺ፣ እሺ እያለ ቆይቶ፣ "ጣፋጭ የሚባል ነገር ግን ይቁም" የሚለው ላይ ሲደረስ "እሱን እንኳ አስብበታለሁ" ብሎ መለሰ።

ባለቤቱ ዶርቃ የሚታሰብበት ነገር አልታያትም። የዚያኑ ዕለት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው የስኳሩ ጣሳ ቁም ሣጥን ገብቶ ተቆለፈበት፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ዋለ። እሱ ሻዩን መራራ ሲጠጣ እሷም መራራ ጠጣች። ሐኪሙ ያዘዘው ለእሱ እንጂ ለእሷ አልነበረም፤ ግን "አንተ እየመረረህ ለእኔ ጣፋጭ አይዋጥልኝም" አለች። ኤጀታ ይህን ባሰበ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ከተባባ በኋላ ደግሞ ቁልፉን ገላዋን ስትታጠብ የት እንደምታስቀምጠው ያስባል።

ከሐኪሙ ምክር ሁሉ ኤጀታ ከልቡ የተቀበለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። "ላብ ላብ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ከንፈርዎን ከደነዘዘዎት ስኳርዎ ወርዷል ማለት ነውና ጊዜ ሳይሰጡ ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ" ነበር ያለው። በመጀመሪያው ዓመት በእርግጥም ሁለቴ ወርዶበት ዶርቃ ደንግጣ ስኳር በጥብጣ አጠጥታዋለች። በሦስተኛው ጊዜ ግን ምንም ሳይሆን፣ ጎረቤት ለልጃቸው ልደት የቆረሱትን ኬክ አይቶ፣ "ወረደብኝ መሰለኝ" አለ። ኬኩ በሩጫ መጣለት። ከዚያ ወዲህ የሚያውቁት ሰዎች አንድ ነገር ይገርማቸው ጀመር፤ የኤጀታ ስኳር ሠርግ ላይ ይወርዳል፣ ምርቃት ላይ ይወርዳል፣ ልደት ላይ ይወርዳል፣ ለቅሶ ቤት ግን አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።

ዶርቃ ሞኝ አይደለችም። ጉርድ ሾላ አካባቢ በተደረገ የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ኤጀታ ግንባሩን በመሐረብ እየጠራረገ "ዶርቃ፣ ወረደብኝ" ሲላት ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ መለኪያ አወጣች። ጣቱን ወጋ አደረገችና ጠብታዋን ስትሪፕ የሚሏት ቁራጭ ላይ አስነካች። ከዚያ ቁጥሩን ለአማቾቹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አነበበችው። "ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት" አለች። "የወረደው ይህ ከሆነ የወጣ ዕለት ጣራውን ሊበሳው ነው።" ኤጀታ ከዚያ ሠርግ ጎመንና ሥጋ ብቻ በልቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕጉ አንድ ሆነ፤ መለኪያዋ ሳትመሰክር ኤጀታ አፍ ውስጥ ጣፋጭ አይገባም።

ነገሩ በዚሁ ተዘግቶ በቀረ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ለጸሎት የሚሰበሰበው የቤት ለቤት ኅብረታቸው አሥረኛ ዓመቱን እንጦጦ ላይ ሊያከብር ባይወስን ኖሮ። ፕሮግራሙ እስከ ስድስት ሰዓት ጾም ጸሎት፣ ከዚያ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ኬክ ይላል። ኤጀታ በሽተኛ ስለሆነ ከጾሙ ነጻ ነው፤ የኅብረቱ መሪ ሚልኬሳ ራሱ "ጋሽ ኤጀታ፣ እርስዎ ቁርስዎን በልተው ነው የሚመጡት" ብሎ አስጠንቅቆታል። ኬኩን የምትሠራው ፊልሞና ናት፤ በሥራ ቀን መድኃኒት ቤት ነጭ ጋውን ለብሳ የምትቆም፣ በእረፍቷ ደግሞ እጇ ከክሬም የማይወጣ ልጅ። የባለፈውን ዓመት ኬኳን ኤጀታ በሩቁ አይቶ ነው የተመለሰው። የዘንድሮው ባለ ሦስት ድርብ፣ መሐል መሐሉን ማር የተቀባ እንደሚሆን ከራሷ አፍ ሲሰማ ግን አላስችል አለው።

ያሰበውም እንዲህ ነው። መለኪያዋ አትዋሽም፤ መልካም። እንግዲያው እሱም አይዋሽም። ስኳሩን በእውነት ያወርደዋል። ጠዋት መርፌውን እንደ ወትሮው ይወጋል፣ ቁርሱን ግን አይበላም፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። መርፌ፣ ባዶ ሆድና ዳገት አንድ ላይ ከሆኑ ስኳር ቁልቁል እንደሚሄድ ሐኪሙ ነግሮታል፤ የነገረው እንዳያደርገው መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ "ወረደብኝ" ይላል፣ ዶርቃ ትለካለች፣ መለኪያዋ ስድሳ ታሳያለች፣ ዶርቃም በገዛ ሕጓ ተይዛ በገዛ እጇ ኬኩን ታጎርሰዋለች። ኤጀታ በዕድሜው ከጠነሰሳቸው ተንኮሎች ሁሉ ውሸት የሌለበት ይህ ብቻ ስለነበረ ኩራት ቢጤም ተሰማው።

ሥራውን እንደ መዝገብ ቤት ሰው በጥንቃቄ ሠራ። ማክሰኞና ሐሙስ ዶርቃ ገበያ ስትወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ምሳውን ሲያሳልፍ ስኳሩ በስንት ሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ በመለኪያዋ ሞከረ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርፌውን ወጋ። ዶርቃ ያቀረበችለትን ቅንጬ "ውጭ ነፋስ እየተቀበልኩ ልብላ" ብሎ ይዞ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ለጎረቤት ውሻ አቀረበላት። ውሻዋ አላሳፈረችውም፤ ሳህኑን ልሳ አጠራችው። ከመውጣታቸው በፊት አንዴ ለካ፤ መቶ ሠላሳ ስምንት። በዚህ የስትሪፑ ብልቃጥ ባዶ ሆነ። ኤጀታ አልደነገጠም፤ ዶርቃ አዲስ እሽግ ማዘዟን ሰምቷል፣ ቦርሳዋ ውስጥ ይኖራል ብሎ ባዶውን ብልቃጥ ከድኖ ወደ ቦታው መለሰው።

የባቡሩ ሐዲድ እየተዘረጋ መንገዱ ሁሉ የተቆፈረበት ዓመት ነበር። የተከራዩት ቅጥቅጥ አይሱዙ ጉርድ ሾላ ሲደርስ ከመኪና ሁሉ ጋር ተሰልፎ ቆመ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ፊልሞና ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኤጀታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሚልኬሳ ጊዜው እንዳይባክን ብሎ መዝሙር አስጀመረ። ይህ ሚልኬሳ አርባ ዓመት ያልሞላው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አይቆጣም፣ ሰው አያስቀይምም፣ ጸሎት ከጀመረ ግን ማቆም አይሆንለትም። ኤጀታ ይህን አመሉን አሥር ዓመት ያውቀዋል፤ እቅዱ ውስጥ ግን አላስገባውም፤ ይህን የአንድ ሰዓት መቆምም እንደዚሁ።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወጥተው አስፋልቱ ሲያልቅባቸው ወረዱ። ሾፌሩ "አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ" ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ የሚወጣው ቀጭን መንገድ ነው። ኤጀታ በስድሳ አንድ ዓመቱ ከወጣቶቹ ቀድሞ ዳገቱን ተያያዘው። ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚመጡ ሴቶች ሽማግሌው እንዲህ ሲጣደፍ አይተው፣ ሸክማቸውን እንደያዙ ዳር ቆመው አሳለፉት።

"ቀስ በል እንጂ፣ ማን ያሳድድሃል?" አለች ዶርቃ ከኋላው እያለከለከች። "ለመሆኑ ቁርስህን ጨርሰሃል አይደል?"

"ሳህኑን አላየሽውም?"

"አይቼዋለሁ። እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም።"

"እንግዲያ" አለና ኤጀታ ርምጃውን ጨመረ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

ከላይ፣ ሜዳ ቢጤ ያለበት ጥላ ሥር ደርሰው ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ሆነው ክብ ሠሩ። ካርቶኑ ከአንድ ግንድ ሥር ተቀመጠ፤ ኤጀታም ካርቶኑን የሚያይበትን ቦታ መረጠ። ሚልኬሳ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ለኅብረቱ ጸለየ። ለየቤተሰቡ ጸለየ። ለታመሙት፣ ለተሰደዱት፣ ለተማሪዎቹ፣ መንገድ ለሚሠሩት ጸለየ። አምስት ሰዓት አልፎ ጸሎቱ ገና ከአዲስ አበባ አልወጣም ነበር።

የኤጀታ ከንፈር ጫፍ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለው። ቀጥሎ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ደስ አለው። "መጣች" አለ በሆዱ። ጨዋ ሰው ነውና ጸሎት ላለማቋረጥ ሚልኬሳ ትንፋሽ እስኪወስድ ልጠብቅ ብሎ ተቀመጠ። ሚልኬሳ ትንፋሽ የሚወስድ ሰው አልነበረም። ላቡ በጀርባው ወርዶ ቀበቶው ጋ ደረሰ። ዛፎቹ ሁለት ሁለት ሆኑ። ኤጀታ ለዶርቃ የሚነግራትን ቃል ሲፈልገው አጣው፤ ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው አእምሮውን ፈተሸ፣ የለም። ያኔ ነው የፈራው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር፤ አሁን ግን ዶርቃን ካላገኛት እዚህ ሣር ላይ እንደሚሞት ገባው።

ተነሣ። ክቡን አቋርጦ ወደ ሴቶቹ ሁለት ርምጃ ተራመደና መሐል ላይ ቆመ። እጆቹን ወደ ዶርቃ ዘረጋ። ቃሉ መጣለት።

"ወረደብኝ" አለ።

ሚልኬሳ ዓይኑን ገለጠ። አሥር ዓመት በዚህ ኅብረት ኤጀታ ሲጸልይ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ነበር የሚመስለው። አልቅሶ አያውቅም፣ እጁን ከትከሻው በላይ አንሥቶ አያውቅም። ለእሱ ልብ መነካት ስንት ዓርብ ተጸልዮለታል፤ የዓርቡ ዋና ጸላይም ዶርቃ ነበረች። አሁን ያው ሰው በላብ ርሶ፣ ከእግር እስከ ራሱ እየተንቀጠቀጠ፣ እጆቹን ዘርግቶ መሐል ቆሞ "ወረደብኝ" ይላል። በዚያ ኅብረት ደግሞ ጸሎት መሐል "ወረደ" ከተባለ የሚወርደው መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ምን ወረደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

"አሜን" አለ ሚልኬሳ፣ ድምፁ በደስታ እየተቆራረጠ። "ወርዷል። ጌታ ሆይ፣ ጨምርበት።"

"እየወረደ ነው" አለ ኤጀታ።

"ይውረድ" አለ ኅብረቱ በአንድ ድምፅ።

"በጣም ወረደ።"

"አሁንም ይውረድ።"

የዚያ ኅብረት ጸሎት እንዲህ በፍጥነት ተመልሶ አያውቅም፤ ይውረድ ባሉት መጠን ይወርድ ነበር። ኤጀታ በመጨረሻ አቅሙ ወደ ኬኩ ጠቆመ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ወደ ሰማይ የጠቆመ መሰለ፤ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ተመለከተ፤ ሦስት ሰዎች ደግሞ መጥተው እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ኤጀታ ራሱ አያውቀውም። ያዩት ሰዎች ናቸው የነገሩት፤ ሲነግሩትም አንድ ነገር አልዘለሉለትም።

ዶርቃ በመጀመሪያ አለቀሰች አሉ፣ ከደስታ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "አሥር ዓመት፣ አሥር ዓመት" እያለች ወደ እሱ መጣች። ቀርባ ግን የሚለውን ሰማችና እርምጃዋ ተገታ። ያን "ወረደብኝ" ታውቀዋለች። ከሠርግ ታውቀዋለች፣ ከምርቃት ታውቀዋለች። ጣቱ ወዴት እንደሚጠቁምም ከሰው ሁሉ ቀድማ አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"በሰው ሠርግ የቀለድከው አልበቃህም?" አለችው። "ደግሞ በእግዚአብሔር ስም ልትበላ መጣህ? ፊልሞና፣ ኬኩን አምጪው።"

"እትዬ ዶርቃ፣ ጾሙ እኮ ገና..."

"አምጪው ብዬሻለሁ። ሁላችሁም እዩልኝ። ጉዱ ዛሬ ይውጣ።"

ፊልሞና ካርቶኑን ከፈተች። ዶርቃ በቢላ አንድ ወፍራም ቁራሽ አነሣች፤ ማሩ በጣቶቿ መሐል እየወረደ አፉ ድረስ አመጣችው። "በል ብላ" አለች። "ለዚህ አይደል ይህ ሁሉ?"

ኤጀታ ኬኩን ተመለከተው። ከዚያ በእጁ ጀርባ ገፋው። "ሂንባርባዱ" አለ።

ፊልሞና ኦሮምኛ አታውቅም። "ልሳን ነው?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

"ልሳን አይደለም" አለ ሚልኬሳ ግራ ተጋብቶ። "አልፈልግም ነው ያለው።"

የዶርቃ እጅ በአየር ላይ ቀረ። "ምን አልከኝ?"

"ውሰጂልኝ" አለ ኤጀታ፣ ምላሱ እየከበደው፣ በቁጣ። "እኔ ኬክ አልወድም።"

ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስትኖር ከዚያ አፍ ብዙ ውሸት ሰምታለች፤ ይህንን ግን ሰምታ አታውቅም። ዓይኑን አየችው፤ እሷን እያየ አያያትም። ሸሚዙን ነካችው፤ እንደተነከረ ጨርቅ ቀዝቅዟል።

"ሚልኬሳ፣ ጸሎቱን አቁም" አለች። "ባሌ እየሞተብኝ ነው።"

መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ብልቃጡን ስትከፍተው ባዶ ነው። ገልብጣ መታችው። "አዲሱስ፣ ፊልሞና? አዲሱ እሽግ?"

"ሰኞ ላመጣልዎት አልነበር? መድኃኒት ቤት ነው ያለው።"

"ታዲያ ሳልለካ እንዴት አድርጌ ነው የምሰጠው? ወጥቶበት ቢሆንስ? በእጄ ልገድለው ነው?"

ክሬም ስታስጌጥ ልስልስ የነበረችው ፊልሞና በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው ሆነች አሉ። "መለኪያ ከሌለ እንደወረደ ቆጥረን ነው የምንይዘው" አለች። "ወጥቶ ከሆነ አንድ ለስላሳ አይገድለውም። ወርዶ ከሆነ ግን መጠበቁ ይገድለዋል። ኬኩን ተዉት እትዬ፣ ክሬሙ ያዘገየዋል፣ በኋላ ይደርሳል። ለስላሳ አምጡ። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። መዋጥ እስከቻለ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ፤ መዋጥ ካቃተው ማንም አፉ ውስጥ ምንም እንዳያፈስ፣ ተሸክመን ቁልቁል መውረድ ነው።"

ቁልቁል መኪና እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ሚልኬሳ ከኋላው ተቀምጦ ደረቱ ላይ አስደገፈው። የመጀመሪያውን ጉንጭ ኤጀታ ተፋው፤ ሁለተኛውን ዶርቃ ልታጠጣው አገጩን ስትይዝ ጥርሱን ለማስከፈት የመጣውን የሚልኬሳን አውራ ጣት ነከሰ። ዶርቃ ጠርሙሱን ይዛ ተንበርክካ "ዋጥልኝ፣ የኔ ጌታ፣ አንዴ ዋጥልኝ፣ ከዚህ በኋላ ምንም አልከለክልህም" ትለው ነበር፤ ሚሪንዳው በሸሚዙ ላይ ብጫ ሆኖ ይፈሳል። በአራተኛው ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ። ዋጠ። ግማሹ ጠርሙስ እስኪያልቅ በዚያ መልክ ቀጠለ። ከዚያ ፊልሞና ሰዓቷን አየችና "አሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን" አለች። ያን ጊዜ ክቡ ውስጥ ይውረድ የሚል ሰው አልነበረም። ከኋላ ግን አንዲት እናት ቀስ ብለው "ጌታ ሆይ፣ ይውጣለት" ሲሉ ተሰሙ፤ ሁሉም አሜን አለ።

ከሩብ ሰዓቱ በኋላ የቀረውን ጠርሙስ ያለ ትግል ጠጣ። ቀጥሎ ዳቦ ሰጡት። ቀጥሎ፣ ፊልሞና "አሁን ይቻላል" ስትል፣ ዶርቃ መሬት ላይ ጣል አድርጋው የነበረውን ቁራሽ ትታ ሌላ ቆረሰች፤ እንባዋ እየወረደ በእጇ አጎረሰችው። ደገመችው። ሠለሰችው። እሱም እንደ ሕፃን አፉን እየከፈተ ተቀበላት።

ኤጀታ የሚያስታውሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ራሱ የዶርቃ ጭን ላይ ነበር፤ ከቅጠሎቹ በላይ ሰማይ ይታያል፤ ራሱን ያመዋል፤ ሃያ ሰው ከብቦት ያየዋል።

"ኬኩ የት አለ?" አለ።

ሚልኬሳ ጣቱን በመሐረብ እንዳሰረ ሣቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሣቀ፤ ግማሾቹ እያለቀሱ ነበር የሚስቁት። ዶርቃ ብቻ አልሣቀችም። "በላኸው" አለችው።

"ማን?"

"አንተ። ሦስት ቁራሽ። በእጄ።"

ኤጀታ ጢሙን ነካ፤ ክሬም አለበት። ምላሱን በጥርሱ ዙሪያ አዞረ፣ በድዱ ሥር ፈለገ፣ የማር ጣዕም የሚባል ትዝ አይለውም። ለዚህ ቀን ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቷል፤ የሚመኘው አንድም ሳይቀር ተፈጽሟል፤ እሱ ብቻ እዚያ አልነበረም። በሕይወቱ እንደዚህ የተዘረፈ መስሎት አያውቅም።

"ስትሪፑ የት ገባ?" አለች ዶርቃ። "ባለፈው እሑድ ሦስት ነበር።"

ይዋሽ ይሆን ብሎ አንድ አፍታ አሰበ። ከዚያ እጇን አየ፤ ራሱን የደገፈው እጇ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ስኳር እንደወረደበት ሰው። ሁሉንም ነገራት። መታጠቢያ ቤቱን፣ ቅንጬውን፣ ውሻዋን፣ መለኪያዋ ስድሳ ስትል በሕጓ ሊይዛት ማሰቡን። ስለ ሳህኑ ሲናገር ከሰዎቹ አንዱ አፉን ይዞ ዘወር አለ።

"እኔ ደግሞ ውሸት ነው ብዬ" አለች ዶርቃ። "አንተ እየሞትክ እኔ ልስቅብህ፣ ላዋርድህ ነበር ቢላ የያዝኩት። እንቢ ባትለኝ ኖሮ ኬኩን አጉርሼህ ጥዬህ ልሄድ ነበር። ኤጀታ፣ ያለ አንተ ያ ቤት ለእኔ ምኔ ነው?" ሰው እንዳለ አላሰበችም። እሱም አላሰበ፤ ሽማግሌነቱን ረስቶ፣ ኅብረቱ አሥር ዓመት የጸለየለትን ለቅሶ አለቀሰ።

ሚልኬሳ ኤጀታ እስኪረጋጋ ጠበቀ። "ታዲያ ጋሽ ኤጀታ" አለ በአክብሮት፣ ተስፋው ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ፣ "ያ ወረደብኝ ያሉት..."

"ስኳር ነው" አለ ኤጀታ።

ሚልኬሳ ትንሽ አሰበ። "መንፈስም ወርዷል" አለ። "ባይወርድ እትዬ ዶርቃ በጾም ሰዓት ኬክ አምጡ አትልም ነበር።" ይህን ብሎ ምሳው እንዲቀርብ ፈቀደ፤ የምግቡንም ጸሎት ለሌላ ሰው ሰጠ።

አሥር ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ኤጀታን ሁለት ወጣቶች በግራና በቀኝ ደግፈው አወረዱት፤ ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ እንደሚሄድና ሁሉንም እንደሚናገር ለፊልሞና ቃል ገብቷል። ከዶርቃ ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊልሞና ካርቶኑን ይዛ መጣች። "አንድ ቁራሽ ተርፏል፤ እናንተ ጋ ይሁን" ብላ ዶርቃ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

መኪናው ሲነሣ ዶርቃ ካርቶኑን ከፍታ አየችው፣ ከዚያ ባሏን አየችው። "ስማኝ" አለች። "ከዛሬ ወዲህ ጣትህን አልወጋም ለማለት አይደለም፤ ሐኪሙ እንዳዘዘ እንለካለን። ግን ወረደብኝ ካልከኝ መለኪያ አልጠይቅህም። እሰጥሃለሁ። አምንሃለሁ። አሁንም ወርዶብህ ከሆነ ንገረኝ።"

ኤጀታ ቁራሹን ተመለከተው። ማሩ በሦስቱም ድርብ መሐል ወርቅ መስሏል። ሕግ የለም፣ መለኪያ የለም፣ ዘብ የለም፤ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትቀረው፤ ሁለት ዓመት ሲላት የኖረ ቃል ናት። አፉን ከፈተ። ዶርቃ ምንም ሳትጠራጠር እያየችው ነበር፤ ልታምነው ተዘጋጅታ። አይቶት የማያውቀው ፊት ነበር፤ ያንን ፊት መዋሸት ጭራሽ አቃተው።

"አልወረደብኝም" አለ። "ደህና ነኝ። ዛሬ ይበቃኛል፤ አልፈልግም።"

ይህን ብሎ እስክታመሰግነው ጠበቀ። የዶርቃ ፊት ግን ደም የሚባል ጠፋበት።

"ምን አልክ?"

"ኬኩን አልፈልግም አልኩሽ።"

"ሚልኬሳ" ብላ ተጣራች ዶርቃ፣ ብድግ ብላ። "መኪናውን አስቁሙልኝ። ደግሞ አልፈልግም አለ።"

ኤጀታ ሊያስረዳት እጁን አነሣ። እጁን ያዘችው። አገጩን ያዘችው። ቁራሹን ሙሉውን፣ ከነማሩ፣ አፉ ውስጥ ከተተችው፤ ፊልሞና ከፊት እየሮጠች እስክትደርስ ግማሹ ገብቷል። "ዋጥልኝ፣ የኔ ጌታ" ትላለች ዶርቃ። "ወርዶበታል፣ እዩት፣ ዓይኑን ጨፈነ።"

ዓይኑን የጨፈነው ማሩ ምላሱን ስለነካው ነው። ኤጀታ ደህና መሆኑን ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር፤ ግን አፉ ሙሉ ሆኖ መናገር ነውር ነው። እስኪውጠው ድረስ መጠበቅ ነበረበት፤ ለመዋጥም አልቸኮለም።